የጎመን ማዕረግ

ተረትና ምሳሌያችን ለጎመን አንጀት የለውም። ሰው የተመኘው ሹመት ለሌላ ሲሰጥበት፣ ንግዱ ሲከስርበት ወይም ልጁ ፈተና ሲወድቅበት ጎረቤት ተሰብስቦ «ተወው እባክህ፣ ጎመን በጤና!» ይለዋል። በዚህ ማጽናኛ ውስጥ የሚመሰገነው ጤናው ነው፤ ጎመኑ የገባው ሰውየው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ለማሳየት ነው። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ማባበሉም ይቀርና «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ በይፋ ይባረራል። ልብ በሉ፤ ይህ ምንቸት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ቤቱን ሙሉ ያሻገረ ምንቸት ነው። ሌላ ባለውለታ እንዲህ ቢሸኝ ሽማግሌ ይላክ ነበር።

ክርክሬ አጭር ነው። በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ አትክልት ከቤታችን ገበታ ያነሰው ጣዕም ስለሌለው፣ መሬቱ ስለማያበቅለው ወይም ጊዜና ገንዘብ ስለሚፈጅ አይደለም። ማዕረግ ስለተነፈገው ነው። ጎመን ቤታችን የሚጠራው ጾም ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ እጅ ሲያጥርና ክረምቱ ሲጠና ነው። በችግር ጊዜ ብቻ የሚጠራ ዘመድ ደግሞ ውሎ አድሮ መልኩ ራሱ ችግር ችግር ይላል። ለዶሮ ከምንሰጠው ክብር ሩቡን ለጎመን ብንሰጠው ሐኪም ሳይመክረን፣ ሬዲዮም ሳይሰብከን እንበላው ነበር። ይህን ለማስረዳት የምጠራው የመጀመሪያው ምስክር፣ ለጎመን ይመሰክራል ተብሎ የማይጠበቀው ዶሮ ወጥ ነው።

«አትክልት አይስማማኝም፤ የእኔ ነገር ሥጋ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ሲናገሩም ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ። እነዚህን ሰዎች ፋሲካ ዕለት ገበታ ላይ ማግኘት ነው። ለአንዲት ዶሮ የሚከተፈው ቀይ ሽንኩርት ሁለትም ሦስትም ኪሎ ነው፤ ባለሙያ ነኝ የምትል ከዚያም ታልፋለች። ዶሮዋ የሐበሻ ከሆነች ላባዋ ተነጭቶ፣ በብልት ተለይታ፣ አጥንቷ ሲቀነስ የሚተርፋት ሥጋ የሽንኩርቱን ግማሽ እንኳ አይደርስም። አሥራ ሁለቱ ብልት ለቤተሰቡና ለእንግዳው ሲታደል ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ብልት ነው፤ ከዚያ በኋላ እንጀራውን እያጠቀሰ የሚያወርደው በሙሉ ሽንኩርት ነው። በርበሬውም ቀልቶ የደረቀ ቃሪያ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም ከመሬት ነው የተነቀሉት። አትክልት የማይስማማው ሰውዬ በዚያች አንድ ቀን የበላው አትክልት ከሁዳዴው ሳምንት ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም። ማንም ግን አይነግረውም፤ በዓሉን ማበላሸት ስለሚሆን።

ታዲያ ይህ ሽንኩርት ለምን ተከበረ? ጥሬውን ሲያዩት ጎመንን የሚያስንቅ ነገር የለውም፤ እንዲያውም ጎመን ሰው አያስለቅስም። ልዩነቱ የተደከመበት መሆኑ ነው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት በዝግ እሳት ውሃውን እስኪጨርስ ይቁላላል፤ በርበሬው ይገባል፣ እንደገና ይቁላላል፤ ቅቤው ይከተላል፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል። ቤቱ በሙሉ ጠረኑን እየማገ ለሰዓታት ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት እንክብካቤ ሽንኩርት ይቅርና ገለባም ቢሆን ሳይጣፍጥ አይቀርም። ሽንኩርትን «የድሃ ምግብ» ያለው የለም፤ እንዲያውም ዋጋው ሲወደድ አገር ይነጋገርበታል።

የጎመን ዕጣ ሌላ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላው ይዘገያል፣ ድንቹ ይዘገያል፣ ጎመኑም በውሃ ከተቀቀለ አብሮ ይዘገያል። ስለዚህ ድስት ሙሉ ውሃ ይጣድና ጎመኑ ይጨመርበታል፤ ቤተኛውም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ሲታወስ ቀለሙ ከአረንጓዴነት ወጥቷል። ከዚያ በሁለት እጅ ተጨምቆ ውሃው ደጅ ይደፋል። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት የሚባሉት ውሃ ውስጥ የሚሟሙ ናቸውና አብረው ይደፋሉ፤ የጠቀመው ደጅ የበቀለውን ሣር ነው። የቀረው ገለባ በጨው ተለውሶ ይቀርብና ልጁ ፊቱን ሲያጨማድድ «ጎመን አይወድም» ይባላል። ልጁ የተናገረው ስለ ጎመን ሳይሆን ስለ አሠራሩ ነው፤ ያውም ትክክል ነው።

አሠራሩን መለወጥ ከባድ አይደለም። የሐበሻ ጎመን ከመከተፉ በፊት ይታጠባል እንጂ ከተከተፈ በኋላ አይታጠብም። ወፍራሙ የመሐል ዘንግ ወጥቶ አይጣልም፤ ተልጦና ደቅቆ ቀድሞ ወደ ድስቱ ይገባል፣ ምክንያቱም ከቅጠሉ ይልቅ ጊዜ የሚፈልገው እሱ ነው። ቅጠሉ ተጠቅልሎ በስለታም ቢላዋ እንደ ክር ይቀጥናል። ቀይ ሽንኩርት በርከት ተደርጎ በጥቂት ዘይት ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርት ይከተላል፤ ከዚያ ጥሬው ጎመን ገብቶ ድስቱ ይከደናል። ውሃ አያስፈልግም፤ ጎመን የራሱን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ ጨው፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ የተወቀጠ ዝንጅብልና ቁንጥር ነጭ አዝሙድ ይገባና ከእሳት ይወርዳል። ዘይቱን «ቅንጦት ነው» ብሎ የሚቀንስ አለ፤ ግን ሰውነታችን ከጎመንና ከካሮት ቫይታሚን ኤ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር በደንብ የሚወስደው ቅባት ሲያገኝ ነው። በፍስክ ቀን ለጋ ቅቤና አይብ የሚጨምርበት ሰው እንግዲህ ሳይንስን ነው የሚያገለግለው።

ጎመን ማዕረግ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ጉራጌ ጎመኑን ቀቅሎ አድቅቆ ከትፎ፣ በቅቤና በኮረሪማ ለውሶ፣ አይቡን አስከትሎ «ጎመን ክትፎ» ብሎ በመስቀል ያቀርባል። ቀኑን አስተውሉ። በዚያው በመስከረም፣ እኛ የጎመኑን ምንቸት በተረት እያባረርን ሳለ፣ እዚያ ጎመኑ በዓሉን ለማክበር ከክትፎው ጎን ይቀመጣል። ቅጠሉ አንድ ነው፤ አገሩም አንድ ነው። የጉራጌ ጎመን በደብረ ታቦር ዙሪያ ካለው ከፋርጣ ጎመን በጣዕም የሚበልጥበት ምክንያት ከቢላዋው፣ ከቅቤውና ከአክብሮቱ በቀር ምንም የለም።

መሬቱ አያበቅልም የሚል ካለ ወደ ፎገራ ይውረድ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በርብና በጉማራ ውሃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ በመኪና እየተጫነ ወደ ሌላው አገር ይጓዛል። ከፎገራዋ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር መንገዱ የአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከቲማቲም አገር ተነሥተን ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ወደሚስማማው ብርዳም ደጋ እንደርሳለን። ከኋላችን ጣና፣ ከፊታችን ከ4,100 ሜትር በላይ የሚቆመው ጉና አለ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል የተቀመጠ ቤት የአትክልት ዓይነት አጣሁ ካለ፣ ያጣው ገበያ የሚወጣ ሰው ነው።

የደብረ ታቦር ሰው እዚህ ላይ ጣቱን ያነሣል። «እንዴት አትክልት አንበላም? ድንች ጠዋት፣ ድንች ማታ!» ይላል። እውነት ነው፤ የጉና ግርጌ ድንች ስሙ የታወቀ ነው፣ «ጉደኔ» እና «በለጠ» የሚባሉትን ዝርያዎች የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል፤ ገበሬው ግን ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎም አላየውም፣ በደንብ የያዘው በክፉ ቀን ጊዜ ነው። (ድንችም እንግዲህ እንደ ጎመን በረሃብ በር ነው የገባው፤ ግን ዕድለኛ ሆኖ ወዲያው ጥብስ ሆነ፣ በስጎ ሆነ፣ በአዋዜ ሆነ፣ ማዕረጉን አገኘ።) ችግሩ የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ድርጅቱ አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ ሲል ድንችንና ሌሎች ስታርች ያላቸውን ሥራሥሮች ከቁጥሩ አውጥቷቸዋል። ከእንጀራና ከዳቦ ጎን ነው የመደባቸው። ፋርጣ ይህን ፍርድ ሲሰማ ይግባኝ እንደሚል አልጠራጠርም፤ ይግባኙም በከፊል ተቀባይነት ያገኛል፣ ምክንያቱም ድንች ቫይታሚን ሲም ፖታሲየምም አለው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ድንች የወደደ ሰው ከድንቹ ጋር የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ካሮቱን፣ ፎሶሊያውን፣ ጥቅል ጎመኑን በእርድና በዝንጅብል አልጫ ከድንቹ ጋር ብታበስሉት ድንቹን ፍለጋ የገባ እጅ ሁሉንም ይዞ ይወጣል። ብቻ ድንቹ ከድስቱ ከሲሶ አይብለጥ።

ቁጥሩን ካነሣን አይቀር፣ የእኛ አገር ሒሳብ ደስ አያሰኝም። በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ100 አዋቂ ከ95 በላዩ የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበላ ታይቷል። በ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ይህን ሁሉ በጎመን እጦት ማሳበብ አይገባም፤ ውሃውም፣ በሽታውም፣ ድህነቱም ድርሻ አላቸው። ግን ጤፍ የሚሸጥ፣ ድንች የሚያሻግር፣ ሽንኩርት የሚጭን አገር ልጆቹ ሲቀነጭሩ የጠገበ ሆድና የተመገበ ሰውነት አንድ አለመሆናቸውን መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የከበደ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይመጣል። «እኛ ጿሚ ሕዝብ ነን፤ ረቡዕና ዓርቡ፣ ሁዳዴው፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ሥጋና ወተት አንነካም። ከእኛ በላይ አትክልት የሚበላ ማነው?» መልሱን ድስቱ ይናገራል። በጾም ቀን አብዛኛው ቤት የሚሠራው ሽሮ ነው፤ በማግሥቱ ምስር፣ ከዚያ ክክ፣ ከዚያ ተመልሶ ሽሮ። እነዚህ ጥራጥሬ ናቸው፤ ለሰውነት ግንባታ ወደር የላቸውም፣ ይኑሩልን። አትክልት ግን አይደሉም። ጾማችን ሥጋውን ከገበታ አነሣ እንጂ በቦታው ቅጠል አላስቀመጠም። ያው ሰው ግን ረቡዕ ምሳ ሰዓት ከቢሮ ወጥቶ ምግብ ቤት ሲገባ «በያይነቱ» ብሎ ያዛል። ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያው በካሮት፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቲማቲም ሰላጣው በየቦታው ጉብ ጉብ ብሎ ሲመጣለት ዙሪያውን ጠርጎ ይበላና ገንዘብ ከፍሎ ይወጣል። ማታ ቤቱ ገብቶ ጎመን ሲያይ «ደግሞ ጎመን?» ይላል። ጎመኑ አልተለወጠም። ምግብ ቤቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥቂት ጥቂቱን በየቀለሙ ለይቶ፣ ሞቅ እንዳለ ማቅረቡ ነው። ቤት ውስጥ ስምንት ዓይነት ይሠራ አልልም፤ ባለቤቲቱ መጀመሪያ የምትደበድበው እኔን ነው። ከሽሮው ጎን ሁለት ጉብታ፣ አንዱ ቅጠል አንዱ ባለቀለም፣ በቂ ነው።

ጾምና ድግስ አይገናኙም ለሚልም ከዚችው ከተማ ስም የተሻለ መልስ የለም። የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ይውላል፤ በፍልሰታ ጾም መሐል ማለት ነው። ጅራፉ ይጮኻል፣ ልጆቹ በየደጁ ይዘፍናሉ፣ ሙልሙሉ ይታደላል፣ ከተማው በሙሉ ደስ ይለዋል፤ በገበታው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቅቤ የለችም። ያለ ሥጋ በዓል ማክበር እንደሚቻል በየዓመቱ ራሳችን እናረጋግጣለን፤ ያውም ጎመኑ በዝናቡ ለምልሞ ጓሮውን በሞላበት ወር። ከሙልሙሉ ጋር በቃሪያ የታሸ የሚያምር ጎመን ቢቀርብ የሚቀየም ቅዱስ ያለ አይመስለኝም።

«ጎመን ጉልበት አይሰጥም» የሚለው ደግሞ የአራሹ ክርክር ነው፤ በከፊል ትክክል ነው። ቀኑን ሙሉ ሞፈር ይዞ የሚውል ሰው ጎመን ብቻ በልቶ ይረስ የሚል ጤነኛ የለም። እንጀራውና ሽሮው ይቀመጡ፤ አትክልቱ በላያቸው ይጨመር ነው የምለው። ጤፉ ውስጥ ብረት አለ፤ ሰውነት ያንን ብረት ይዞ የሚያስቀረው ግን ቫይታሚን ሲ ሲያግዘው ነው፣ ያለዚያ ብዙው ዝም ብሎ ያልፋል። ይህን ሥራ አንድ ጥሬ ቃሪያ ይሠራዋል፤ ቲማቲምም፣ በወጡ ላይ የተጨመቀ ሎሚም እንዲሁ። ስንግ ቃሪያን አስታውሱ። ሆዱ ተከፍቶ በተከተፈ ሽንኩርት የተሞላ ጥሬ አትክልት ነው፤ ወንዶች ግን ማን ላብ ሳያልበው ይጨርሳል እየተባባሉ ይወዳደሩበታል። ማዕረግ ከተገኘ ጥሬ አትክልትም የጀግና ምግብ ይሆናል። ሆድ ይነፋል ለሚለው ዝንጅብልና ነጭ አዝሙድ ድስቱ ውስጥ የገቡት በከንቱ አይደለም፤ ያልለመደ ሆድ ደግሞ በጥቂቱ ይጀምር።

የልጆቹ ነገር ሰፋ ያለ ነው። ልጅ ጎመን እንዳይወድ ከፈለጋችሁ የተፈተነ መንገድ አለ፤ «ጎመኑን ካልጨረስክ ሥጋ የለም» በሉት። በዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጎመን ቅጣት፣ ሥጋ ሽልማት መሆኑን ተምሮ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ስምንት፣ አሥር ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እኛ ግን ሁለቴ ሞክረን «ይሄ ልጅ እንደ አባቱ ነው» ብለን ፋይሉን እንዘጋለን። ለልጅ ቀለም ያግዛል። ቀይ ሥር ከድንች ጋር ሲበስል ድንቹን ሮዝ ያደርገዋል፤ ልጅ ሮዝ ድንች እምቢ ሲል አይታይም። ካሮት በጣት ልክ ተቆርጦ ጥሬውን ሲሰጠው መጫወቻም ምግብም ነው። የጠዋት ፍርፍር በቲማቲምና በተፈገፈገ ካሮት ሲሠራ ይጣፍጣል፤ ጎመን ተከትፎ ከሽሮ ጋር ሲንተከተክ ሽሮው ይወፍራል፣ ቂጣ ሊጥ ውስጥም ይገባል። ብቻ ደብቃችሁ አታብሉት። ልጅ ተንኮሉን የደረሰበት ቀን ሽሮውንም መጠርጠር ይጀምራል። ሮዙን ድንች ሲበላ ያቀላው ቀይ ሥር እንደሚባል ንገሩት፤ ስሙን ያወቀውን ገበያ ሲያየው ይጠይቃል።

ወጪው ቢነሣ፣ የዘይትም የሽንኩርትም ዋጋ ወጣ ገባ እያለ ሰው እንደሚያማርር አይካድም። ደጋው ግን ነጻ የሆነ ነገር አላጣም። ዱባ አጥር ጥግ ተጥሎ ራሱን ችሎ ይስፋፋል፤ ከተለቀመ በኋላ በልጡ ታጥሮ ለወራት ይቆያል፣ ፍሪጅ አይጠይቅም። በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት የተሠራ ዱባ ወጥ፣ ጣፋጭነቱና ማቃጠሉ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ከብዙ ሥጋ ወጥ ያስከነዳል፤ ይህ የግል ፍርዴ ነው፣ ይግባኝ አልቀበልም። ሳማ ደግሞ ሰው የሚሸሸው ተክል ነው። ለጋ ጫፉ ሳያብብ በጨርቅ ተይዞ ይቆረጣል፤ ፈላ ውሃ ሲነካው መለብለቡን ይተዋል፤ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ተሠርቶ ጥቂት የሽሮ ወይም የገብስ ዱቄት ሲነሰነስበት የጾም ወጥ ይሆናል። ከቤቱ ኋላ በነጻ የበቀለ ነው፤ ከልካዩም ራሱ ብቻ ነው። በበጋ የፎገራ ቲማቲም በዝቶ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ተሰንጥቆ፣ ጨው ነካ ተደርጎ፣ በንጹሕ ወንፊት ላይ ፀሐይ ይመታው። ደርቆ የተቀመጠ ቲማቲም ክረምት ላይ ሽሮ ውስጥ ሲገባ ገበያው የሚጠይቀውን ዋጋ አይጠይቅም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛው ስለ ጥሬ ቅጠል ነው። ሰላጣና ቆስጣ የሚጠጡት የወንዝ ውሃ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቅጠል በንጹሕ ውሃ በተደጋጋሚ ይታጠብ፣ ሎሚና ኮምጣጤ ብቻቸውን ዋስ አይሆኑም። የጠረጠሩትን ማብሰል ነው፤ ደግነቱ የእኛ ማጀት ማብሰል አያቅተውም። ሁለተኛው አደገኛ ነው፤ ስለ ቡና ነው። ከምግብ ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናም ሻይም ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያሰናክላል። አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ መልካም ነው። በጎንደር ደጋ፣ እጣኑ ጨሶ ጀበናው ከተጣደ በኋላ «ቆይ፣ አንድ ሰዓት እንጠብቅ» የሚል ሰው ግን ዘመድ አስማምቶ ይናገር።

የጊዜ ነገር ቀረ። «ጎመን ማን ይከትፋል፣ ሽንኩርት ማን ይልጣል? ሴቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ እንጀራ ጋግራ ደክማለች» ይባላል። ድካሟን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ መልሱ ግን ከጎመኑ ዘንድ አይገኝም። ከዚችው ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን አስቡ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በገደልና በሸለቆ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ድረስ ተጎትቷል። የጎተቱት ወንዶች ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች አንድ እስር ጎመን ከጓሮ እስከ ጉልቻ ማድረስ ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ አባወራ፣ በሚመጣው ረቡዕ ማታ ቢላዋውን ስለህ ሽንኩርቱን አንተ ላጥ፣ ጎመኑንም አንተ ክተፍ። የምታለቅሰው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።